ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ፣ ሠላሳ ንጉሥ

ይህን የምጽፈው ከጉዞው ከተመለስሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በመንገድ ላይ ማስታወሻ አልያዝሁም፤ ስለዚህ የሰዎቹን ንግግር፣ የከፈልሁትን ዋጋና የደረስሁበትን ሰዓት ሳሰፍር አንዳንዱን አዛብቼው ይሆናል። ይህን ማለቴን አንባቢ እንደ ትሕትና እንዳይቆጥርልኝ እለምናለሁ። ለጉዞው ምክንያት የሆነው ራሱ ሳላጣራ የተናገርሁት አንድ ትዝታ ነበርና።

መሪጌታ ሐዲስ ፊደል ያስቆጠሩኝና ዳዊት ያስደገሙኝ መምህሬ ናቸው። ዛሬ ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለች ትንሽ መንደር ይኖራሉ። የመጨረሻ ልጃቸው ውባለም የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ዳባት ላይ አራት ዓመት ከሠራች በኋላ ብራዚል ውስጥ፣ ሳኦ ፓውሎ ከተማ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል አገኘች። በመሸኛዋ ዕለት እኔም ከምኖርበት ከጎንደር ሄጄ ነበር። ምሳ ተበልቶ እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተ ያን አገር አይተኸዋል። አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት ለሦስት ሳምንት የአፈር ጥበቃ ሥልጠና ሳኦ ፓውሎ ሄጄ ነበር። ከበረራው ትዝ ያለኝ በመሳፈሪያ ወረቀቴ ላይ የነበሩት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ መነሻ 08:00፣ መድረሻ 14:00። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትና ከቀኑ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ከበደኝ። ሁለትን ከስምንት ቀንሼ «ስድስት ሰዓት» አልኋቸው። መሪጌታ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «ልክ አንድ ዳዊት» አሉ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

ውባለም ልትሳፈር ሁለት ቀን ሲቀራት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ትኬቱን የቆረጠልኝ ሰውዬ በረራው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው አለኝ። እርስዎ ለአባባ ስድስት ብለዋቸው የለም?»

«ብያለሁ።»

«አባባኮ እኔ ደረስሁ እስክል እህል አይቀምሱም። ከተነሣሁበት ሰዓት ጀምረው ቆመው ዳዊት ሊደግሙ ነው። ለስድስት ሰዓት ብለው ነው የተዘጋጁት።»

ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። መሪጌታ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በመስከረም ማኅሌት ላይ እንደ ቆሙ ወድቀው ደባርቅ ሐኪም ቤት ተወስደው ነበር፤ የደም ግፊት ኪኒን ታዝዞላቸዋል፣ ያንንም በባዶ ሆድ እንዳይወስዱና ብዙ ሰዓት እንዳይቆሙ ተመክረዋል። በእኔ ቁጥር ከሄድን ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የልጃቸውን መድረስ ይጠብቃሉ። ወሬ አይመጣም። ዘጠኝ ይሆናል፣ አሥር ይሆናል፤ አውሮፕላኑ ወድቋል ብለው ያስባሉ እንጂ አይቀመጡም። በመንደራቸው ስልክ አይሠራም። ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ስለ ሆንሁ፣ ሄጄ መናገር ያለብኝም እኔ ነበርሁ።

ጎንደር፣ ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል

መንገዱ ክፍት መሆኑን ማለዳ ደውዬ ካጣራሁ በኋላ መናኸሪያ ደረስሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ታሪፉ ሦስት መቶ ሃምሳ ነበር ወይስ አራት መቶ፣ አሁን ልዩነቱ ጠፍቶብኛል፤ መልስ እንዳልተሰጠኝ ግን አስታውሳለሁ። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከነፍተሻውና ከነመቆሚያው ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ገብስና ባቄላ የሚነግዱ ነበሩ። የት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

«ለአንዲት ቁጥር ደባርቅ ድረስ?»

«የተሳሳተች ቁጥር ናት፣ እትዬ።»

«እኛማ ስንቱን ቁጥር ተሳስተን አርፈን ቤታችን ተቀምጠናል» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ከተማውን ለቀን ወደ ወገራ ደጋ ስንወጣ ስሕተቴን ከሥሩ ለመመርመር ጊዜ አገኘሁ። ጥቅምት ሊያልቅ ነው፤ ገብሱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ፣ አልፎ አልፎ ታጭዶ ተከምሯል። በዚያ በረራ ላይ ሁለት ጊዜ ምግብ እንደ ቀረበልኝ ትዝ አለኝ፤ ለስድስት ሰዓት ሁለት ምግብ ይበዛል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣልኝ። በመንገድ ሁሉ አልመሸም ነበር። ጠዋት ተነሥተን ወደ ምዕራብ ስንበር ፀሐይዋን እየተከተልን ስለ ነበር፣ ቀኑ እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ረዘመ። መነሻው የተጻፈው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ መድረሻው የተጻፈው በሳኦ ፓውሎ ሰዓት ነው። እኔ የሁለቱን አገር ሰዓት እንደ አንድ አገር ሰዓት አድርጌ ቀንሻለሁ። ይህን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን በዚያን ዕለት ያወራው እውቀቴ አልነበረም፣ ማፈሬ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስና ዳባት

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ነጋዴዋ ወረዱ። ጆንያዎቻቸው ከጣሪያ እስኪወርዱ ቆመው ሳለ በመስኮቱ በኩል፣ «ሽማግሌውን ቀስ ብለህ ንገራቸው። ደግሞ ስትነግራቸው አትቁም፤ ቁጭ ብለህ ንገራቸው» አሉኝ። ምክሩ ለምን እንደ ሆነ አልገባኝም፤ ግን ያዝሁት።

ዳባት ለቁርስ ቆምን። ነፋሱ እንደ ድሮው ነው። በልጅነቴ የተማርሁበት የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ ከመንገዱ በስተግራ ካለ ትልቅ ወይራ ሥር እንደ ነበር በልቤ ይዤ ኖሬአለሁ። ወይራውን አገኘሁት፤ በስተቀኝ ነው። ምናልባት መንገዱ ተቀይሮ ይሆናል ብዬ ሻይ ቤቱን የያዘውን ሰው ጠየቅሁት። «መንገዱማ የጣሊያን ነው፣ የት ይሄዳል?» አለኝ። ፍርፍር በልቼ ሻይ ጠጣሁ፤ ለመሪጌታ ቤት ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዛሁ። ስድሳ ዓመት ሳይሞላኝ የልጅነቴን ዛፍ ቦታ ከሳትሁ ሌላውን ትዝታዬን በምን ልመን እያልሁ ተሳፈርሁ።

ደባርቅ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል

ደባርቅ ገበያ ነበር። ባጃጆች በበቅሎና በጭነት መኪና መካከል ይሹለከለካሉ። ከመናኸሪያው እስከ ከተማው ጫፍ በባጃጅ ሄድሁና መኪና ባገኝ ብዬ ቆምሁ። ያገኘሁት ደሴን ነው። ደሴ የተራራው ብሔራዊ ፓርክ ስካውት፣ ማለትም ጠባቂ፣ ነው፤ ቱሪስት አጅቦ ሳንቃ በር ሲመላለስ የኖረ፣ የመሪጌታም ጎረቤት። በመሸኛው ዕለት ተገናኝተናል። ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ለዕረፍቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«መኪና አይጠብቁ፣ ጋሼ። ዛሬ ገበያ ነው፣ የሚመጣው ሁሉ ወደዚህ ነው። ስድስት ንጉሥ ብትሆን ነው፤ በእግር እንሂድ።»

«ስድስት ምን?»

«ንጉሥ። የመሪጌታ መለኪያ ነው።»

ንጉሥ ማለት በዳዊት አከፋፈል አሥር መዝሙር ነው፤ መላው ዳዊት አሥራ አምስት ንጉሥ ነው። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። የማላውቀው መሪጌታ መንገድ ሲሄዱ በቃላቸው ስለሚደግሙ፣ ርቀትን ሁሉ በዚያው መለካታቸውንና መንደሩም ልማዱን መውሰዱን ነው። ወፍጮ ቤቱ አንድ ንጉሥ ነው። ደባርቅ ስድስት ነው። ሳንቃ በር ለመሪጌታ አሥራ ሁለት፣ ለደሴ ግን፣ እሱ እንደሚለው፣ «በእኔ እግር ዘጠኝ» ነው።

«አንተ ዳዊት ትደግማለህ?»

«እኔ? አንዲት መዝሙር አላውቅም። ርቀቱን ብቻ ነው የማውቀው።»

መንገዱ ጠጠር ነው፤ በሁለቱም ወገን ገብስና ሣር፣ ራቅ ብሎ ገደሉ ይጀምራል። አንድ ቦታ ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር እየነጨ ቁልቁል ሲወርድ አየን፤ ደሴ ቀና ብሎም አላያቸውም። ይልቅ ስለ በረራው ይጠይቀኝ ጀመር። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ያርፋል ወይ? አያርፍም፣ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ርቀት ነው አልሁት። ከዚያ፣ «እኛ አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል የምንሄደው ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለኝ። ወደ አሥር እንደሚጠጋ ነገርሁት። «እንግዲህ እሷ እዚያ ስትደርስ እኛ ዳባትንም አናልፍ» አለ። አሰላሁት፤ በእግር አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሄድ ዳባትን በጥቂቱ ያልፍ ነበር። አላረምሁትም።

መንደሩ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ

መሪጌታ ከቤቱ ታዛ ሥር ተቀምጠው የመቋሚያቸውን ጫፍ በሰም ያሹ ነበር። ሊነሡልኝ ሲሉ ቀደምሁና ጉልበታቸውን ሳምሁ። ከዚያ የነጋዴዋን ምክር አስታውሼ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

«በደኅና መጣህ? በሥራ ቀን?»

«አንድ የተሳሳተ ነገር ነግሬዎት ነበር፣ መሪጌታ። እሱን ላቀና ነው የመጣሁት።»

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የሁለቱን አገር ሰዓት፣ የቀነስሁትን፣ ያፈርሁበትን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መቋሚያውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና፣ «ስለዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው» አሉ።

«አዎን።»

«አንዱን ዳዊት ከነስግደቱ ስድስት ሰዓት አድርሼ ነበር የመጠንሁት። እንግዲያውስ ሠላሳ ንጉሥ ነዋ። ሁለት ዳዊት።»

ክው አልሁ። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ጭንቀታቸውን ላቀልል ነበር፤ የጨመርሁላቸው ግን ሌላ ስድስት ሰዓት መቆም ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ከበሩ ላይ ሆነው ሲሰሙ ኖረዋል።

«ሁለት ዳዊት ነው ያሉት?»

«ልጅቱ በሰማይ ሳለች እኔ እቀመጣለሁ?»

«በመስከረም ተሸክመው ያመጡዎት አራት ሰዎች ናቸው። ነገ ከእነሱ ሦስቱ ሠርግ ይሄዳሉ። አስበውበታል?»

ደሴ ወደ አጥሩ ዞሮ ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም፤ ግን አልተቆጡም። ወይዘሮ ዘነበች ቀጠሉ፦ «ልጅቱ በሰላም ደርሳ አባቷ ወድቀው ቢቆዩዋት፣ ደስታዋን ለማን ትደውል? ለእኔ ለብቻዬ?»

ነፋሱ የገብሱን ክምር ያንሿሿዋል። በመጨረሻ መሪጌታ ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ዳዊት ደግመሃል አንተ።»

«የዛሬ አርባ አምስት ዓመት ነው፣ መሪጌታ። ረስቼዋለሁ።»

«አንተ ብትረሳ መጽሐፉ አልረሳም። ያመጣኸው ስድስት ሰዓት ያንተ ነው፤ ያንተን አንተ ቁምለት።»

ማክሰኞ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጀመሩ። ግድግዳው ላይ ውባለም ከመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችላቸው ክብ ሰዓት አለ፤ እንደ አካባቢው ቤት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው። መሪጌታ ከሥሩ ቆመው፣ መጽሐፉ አትሮኖስ ላይ ተዘርግቶ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ደገሙ። በየንጉሡ መጨረሻ ይሰግዳሉ፤ ወይዘሮ ዘነበች በየጊዜው ውሃ የሚያቀርቡ መስለው ፊታቸውን ይመረምራሉ። ውሃውን አልነኩትም። አሥረኛው ንጉሥ ላይ መቋሚያው ላይ ይበልጥ ሲደገፉ አየሁ፤ ድምፃቸው ግን አልተለወጠም።

ስምንት ሰዓት ሲሞላ አሥራ አምስተኛውን ፈጸሙ። ሰዓቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«ይኼኔ በአንተ ቁጥር ደርሳ ነበር» አሉ።

ያ ሰዓት እኔ ባልመጣ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር ሁላችንም የገባን ይመስለኛል። ወይዘሮ ዘነበች እንጀራውን በጎድጓዳ ሳሕን አቀረቡ። መሪጌታ መቋሚያውን አቀበሉኝ፤ እኔ ቆሜ የመጀመሪያውን መዝሙር ስጀምር ነው ተቀምጠው እጃቸውን የታጠቡት። እንጀራውን በልተው ኪኒናቸውን ወሰዱ።

ማንበብ አልረሳሁም፤ ዜማውን ግን አበላሸሁት። ቃሉ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ጠፍቶኛል። መሪጌታ ጎርሰው ሳሉ ሳይቀር፣ «ወዳቂ ነው፣ ምን ያነሣሃል?» ይሉኛል። ተመልሼ አነባለሁ። ከሦስተኛው ንጉሥ በኋላ እርማቱ እየቀነሰ ሄደ። እኔ ተሻሽዬ ይሁን እሳቸው ተስፋ ቆርጠው አላወቅሁም። በኋላ ቀና ብል በተቀመጡበት ከንፈራቸው ከእኔ ጋር ይንቀሳቀሳል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ደሴ ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣ። ውባለም እንደ ወረደች አዲስ አበባ ላለች የአክስቷ ልጅ በኢንተርኔት ልትጽፍ፣ እሷም ለደሴ ልትደውል ተነጋግረዋል። ቀስ ብዬ ስለማነብ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ገና አሥራ ሦስተኛው ንጉሥ ላይ ነበርሁ። እግሬ እንደ እንጨት ደርቋል። ሰዓቱን ላለማየት ሞከርሁ፤ ሁለት ከአሥር ሲል አየሁት። መሪጌታ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጠገቤ ቆሙ። ወይዘሮ ዘነበች በሩን ከፍተው ውጭ ውጭውን ያያሉ።

የደሴን ጫማ ጠጠሩ ላይ የሰማነው ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ይመስለኛል። ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ «ገብታለች» አለ።

ወይዘሮ ዘነበች በሩ መቃን ላይ ተደግፈው ተቀመጡ። መሪጌታ አማተቡና ደሴን ጠየቁት፦ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የወረድሁት አለች?»

«በዚያ አገር ሰዓት፣ በፈረንጁ አቆጣጠር፣ ከቀኑ ሁለት ከአሥር ላይ ነው ብላ ጽፋለች።»

መሪጌታ ወደ ግድግዳው ሰዓት ጠቆሙኝ። «ሁለት ከአሥር ላይ ቀና ስትል አይቼሃለሁ። ያው ነው። የእሷም ሰዓት የእኔም ሰዓት አንድ ነው።»

ልናገር አፌን ከፈትሁ። እዚያ ቀን ነው፣ እዚህ ማታ፤ ቁጥሩ የገጠመው በአጋጣሚ ነው፣ በማግሥቱ ይለያያል ልላቸው ነበር። ግን በዚያ ቤት አንድ ጊዜ ሳላጣራ ተናግሬአለሁ። አፌን ዘጋሁ።

«ቀጥል» አሉኝ። «ንጉሥ እመሐል አይጣልም።» የቀሩትን ሁለቱንም፣ አንድ ቃል እኔ አንድ ቃል እሳቸው እየተቀባበልን ፈጸምን።

ረቡዕ፣ ጎንደር

በማግሥቱ ደሴ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ማለትም አንድ ንጉሥ፣ ሸኘኝ። ከዚያ ጠጠር የጫነ መኪና አግኝቼ ደባርቅ ገባሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ከደባርቅ የተነሣው ሚኒባስ ከአሥር ሰዓት በፊት ጎንደር አደረሰኝ። ዳባት ስናልፍ ወይራውን ፈለግሁት። በዚህ አቅጣጫ ሲመጡ በስተግራ ነው። በልጅነቴ ያየሁት ምናልባት ሁልጊዜ ወደ ጎንደር ስንወርድ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ትዝታዬ ሙሉ በሙሉ አልዋሸኝም፤ ወደ የት እየሄድሁ እንደ ነበር ብቻ ነው ያልነገረኝ። የበረራው ቁጥርም እንዲሁ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ትክክል ነበሩ፤ ከየት ሆነው እንደ ተቆጠሩ ግን አልጠየቅሁም።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የመሪጌታን ቃል አጣራሁ። ሳኦ ፓውሎ ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ ሰዓቱ በክረምትና በበጋ አይለወጥም። እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር፣ ሌላው ስምንት በሚልበት ጊዜ ሁለት እንላለን፤ ልዩነቱ ያው ስድስት ነው። አንዱ ስድስት ሌላውን ያጠፋዋል። በዚያች መንደር ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓትና ውባለም በምትማርበት ከተማ ያለ ማንኛውም የግድግዳ ሰዓት፣ በዚያች ማክሰኞ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱና በየደቂቃው፣ አንድ ቁጥር ያሳያሉ።